ኦቲዝም በልጆች ላይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ስሙን ስጠራው ዞር አይልም» ብላ የምትጨነቅ እናት ከአካባቢዋ የምትሰማው መልስ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ይኼ ዘመን አመጣሽ ነው» ይላታል፤ ሌላው «ሲያድግ ይተወዋል»። ሁለቱም ልጁ ኦቲዝም፣ ማለትም ከሰው ጋር መግባባትን የሚያስቸግርና ተደጋጋሚ ባሕርይ የሚታይበት የዕድገት ሁኔታ፣ እንዳለው በጊዜ እንዳይታይ ያደርጋሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ኦቲዝም ድሮ አልነበረም፤ አሁን እንደ ወረርሽኝ እየተዛመተ ነው»

ይህን እምነት የሚያጠናክረው ራሱ ቁጥሩ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የ8 ዓመት ልጆችን መዛግብት እየመረመረ በሚያወጣው ቆጠራ፣ በ2000 ከ150 ልጆች አንዱ ኦቲዝም ነበረው፤ በ2022 ከ31 አንዱ ሆነ። ያስደነግጣል። ግን በዚያው በ2022 ቆጠራ በቴክሳስ ላሬዶ ከ103 ልጆች አንዱ ሲመዘገብ፣ በካሊፎርኒያ በተጠናው አካባቢ ከ19 አንዱ ተመዝግቧል። በአንድ አገር የሚኖሩ እኩያ ልጆች ተፈጥሯቸው ይህን ያህል ይራራቃል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። የሰለጠነ መርማሪ በበዛበት ቦታ ልጆቹ ይለያሉ፤ በሌለበት ሳይቆጠሩ ያልፋሉ።

ትርጉሙም ሰፍቷል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 ኦቲዝምን ሲገልጽ የጻፈው ስለ 11 ልጆች ነበር። በ2013 ደግሞ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ አስፐርገር ሲንድረምን (ንግግር ሳይዘገይ የሚታይ የኦቲዝም ዓይነት) ጨምሮ ለየብቻ ይጠሩ የነበሩትን በአንድ የኦቲዝም ስፔክትረም፣ ማለትም ከቀላል እስከ ከባድ ያለውን ሁሉ በያዘ ስም፣ ሥር ሰበሰባቸው። ድሮ «ዘገምተኛ» ወይም «ዓመለኛ» ተብለው የታለፉ ብዙ ልጆች ዛሬ ትክክለኛ ስም አግኝተዋል። የወላጆች ዕድሜ መግፋትና ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሕይወት መትረፍ ድርሻ ቢኖራቸውም፣ አብዛኛው ጭማሪ የመጣው ልጆቹን ማየት ስለተጀመረ ነው።

«ክትባት ያመጣዋል»

አያመጣም። ወሬውን ያስነሳው በ1998 የወጣ፣ 12 ልጆችን ብቻ የያዘ ጽሑፍ ነው፤ ያሳተመው መጽሔት በ2010 ሰርዞታል። በ2019 በዴንማርክ የወጣ ጥናት ከ650,000 በላይ ልጆችን ተከታትሎ ምንም ግንኙነት አላገኘም።

«እናቱ ፍቅር ስለነፈገችው ነው»

ይህ ብዙ እናቶችን ያለ ጥፋታቸው ያስለቀሰ ሐሰት ነው። ከ1977 ጀምሮ በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የዘር ውርስ ከፍተኛ ድርሻ እንዳለው አሳይተዋል።

«ደም ቢመረመር ወይም አንጎሉ በምስል ቢታይ ይታወቃል»

ኦቲዝምን የሚለይ የደም ምርመራም ሆነ የአንጎል ምስል የለም። የዘረመል ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል፤ ግን መንስኤ ለመፈለግ እንጂ ኦቲዝም መሆኑን ለመወሰን አይደለም። ባለሙያው የሚመረምረው ልጁን እያጫወተ ነው። የሚወደውን ነገር በጣቱ እየጠቆመ ያሳያል? ደስታውን ለማካፈል ወደ ሰው ይመለከታል? የመኪና አሻንጉሊቱን እንደ መኪና ይነዳዋል ወይስ ጎማውን ብቻ ያሽከረክራል? ወላጆችም የልጁን ዕድገት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይጠየቃሉ። የሚፈለጉት ሁለት ነገሮች አብረው መኖራቸው ነው፤ ከሰው ጋር በመግባባት ላይ ያለ ችግር፣ እንዲሁም ተደጋጋሚ ባሕርይ ወይም በጣም የጠበበ ፍላጎት። የመስማት ችሎታም መለካት አለበት፤ ሲጠሩት ዞር የማይለው ስላልሰማ ሊሆን ይችላልና።

ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች የሚሞላው ባለ 20 ጥያቄ ቅጽ ማጣሪያ ብቻ ነው። ውጤቱ ከፍ ቢል «ልጄ ኦቲዝም አለበት» ማለት ሳይሆን ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

«ዓይን ለዓይን ካየና ከተቃቀፈ ኦቲዝም የለበትም»

ብዙዎቹ ያያሉ፣ ያቅፋሉ። በተለይ ሴቶች ልጆች የእኩዮቻቸውን አነጋገርና አኳኋን ስለሚኮርጁ ሳይታወቁ ይቆያሉ። ከላይ በተጠቀሰው የአሜሪካ ቆጠራ ወንዶች ከሴቶች ከ3 እጥፍ በላይ የሚሆኑበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

«ወንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም፤ ጠብቁት»

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ልምድ ያለው ባለሙያ በ2 ዓመት ዕድሜ አስተማማኝ ውሳኔ መስጠት ይችላል። የያዘውን ቃል መልሶ የጣለ ልጅማ አንድ ወርም መጠበቅ የለበትም። ቀጠሮው ቢርቅ እንኳ የንግግር ድጋፍ ለመጀመር የምርመራ ወረቀት አያስፈልግም። እስከዚያው ልጁ ሲጫወት፣ ሲበላና ሲጠሩት በስልክ አጫጭር ቪዲዮ ቅረጹ፤ ሐኪም ፊት ዝም የሚል ልጅ ቤቱ ውስጥ የሚያደርገውን ያሳያል።