የበሽታ ቋት ምንድን ነው?

ሐዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሰው ሁሉ ያየዋል። ጦጣዋ ከሕፃኑ መዳፍ ላይ ለውዙን አንድ በአንድ ትለቅማለች፤ ልጁም ያንኑ እጁን መልሶ ወደ አፉ ይሰዳል። አጠገቤ የቆሙ እናት አንድ ቀን «ይህች እኮ የበሽታ ቋት ናት!» ብለው ልጃቸውን ጎተቱት። ስለ ንክኪው መጠንቀቃቸው ትክክል ነው፤ ቋት የሚለው ቃል ግን ሊብራራ ይገባዋል።

ቋት እህል ወይም ዱቄት የሚጠራቀምበት ዕቃ ነው። የበሽታ ቋት ስንልም ተህዋሲው በሰው ላይ ወረርሽኝ ባይኖርም እንኳ ሳይጠፋ የሚኖርበትን፣ ቀን ሲያገኝ ወደ ሰው የሚዘልቅበትን ሕያው ማከማቻ ማለታችን ነው። ፈንጣጣ ከሰው በቀር መጠለያ አልነበረውም፤ ስለዚህ በክትባት ተሳዶ እ.ኤ.አ. በ1980 ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። በትንኝ ንክሻ የሚተላለፈው የቫይረስ በሽታ፣ ቢጫ ወባ፣ ግን ፍቱን ክትባት እያለው ዛሬም አለ፤ ከሰው ውጭ ቋት አለውና። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ወንዝ አካባቢ፣ 30,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ወላይታ ላይ፣ በ2020 ደግሞ ጉራጌ ላይ ተነሥቷል።

ታዲያ ቋቱ ጦጣዋ ናት? እዚህ ላይ ሰው ይፈርድባታል፤ እኔ ደግሞ ይቆጨኛል። የአፍሪካ ጦጣ ቫይረሱን በደሟ የምትሸከመው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሳትታመም ታልፈዋለች፤ ዳግመኛም አይይዛትም። የተያዘች ትንኝ ግን እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ትሸከመዋለች፣ ለእንቁላሏም ልታወርሰው ትችላለች። እንቁላሉ በጋውን ደርቆ ይከርምና ዝናብ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ ብዙ ተመራማሪዎች ዋናው ቋት ትንኟ ናት ይላሉ፤ ጦጣዋ ቫይረሱ የሚባዛባት ማለፊያ ናት። ከጦጣ ደም ሲቀዱም በአብዛኛው የሚያገኙት ቫይረሱን ራሱን ሳይሆን ሰውነቷ የሠራውን መከላከያ፣ ማለትም ያለፈውን በሽታ ዱካ ነው።

ትንኟንም ለማግኘት ጫካ መግባት ላያስፈልግ ይችላል። በኦሞው ወረርሽኝ ቫይረሱን ካዛመቱት ትንኞች አንዷ የምትራባው በእንሰት ቅጠል ብብት ውስጥ በሚጠራቀም ውሃ ነበር። ከሐዋሳ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ በሲዳማ ጓሮ፣ እንሰት የሌለበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ዝናቡ ካባራ ከሳምንት በኋላ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ አንድ ሲኒ በማይሞላው ውሃ ውስጥ እንደ ክር የቀጠኑ እጮች ወደ ላይና ወደ ታች ሲወራጩ ልታዩ ትችላላችሁ።