የዋሽንግተን ቤተሰብ በኑዛዜና በመሬት ውል፦ በቅኝ ግዛት ዘመን ቨርጂኒያ የባለርስት ዘር እንዴት ይፈለጋል?

እ.ኤ.አ. በ1674 ጆን ዋሽንግተንና ኒኮላስ ስፔንሰር የተባሉ ሁለት የቨርጂኒያ ሰዎች በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ሊትል ሃንቲንግ ክሪክ በሚባል ጅረት አጠገብ፣ 5,000 ኤከር መሬት በጋራ ተመሩ። በ1799 የጆን የልጅ ልጅ ልጅ በዚያው መሬት ላይ ባስፋፋው ቤት አረፈ፤ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ነበር። በእነዚህ 125 ዓመታት መሬቱ ከአባት ወደ ሴት ልጅ፣ ከእህት ወደ ወንድም፣ ከባልቴት ወደ ዋርሳዋ አልፏል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚያ ዘመን ቨርጂኒያ ልደትንና ሞትን በቅጡ የሚመዘግብ መንግሥት አልነበራትም። የሰበካ መዝገቦች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ግን ጠፍተዋል ወይም ጎደሎ ናቸው። ባለርስቱ በየጊዜው ፍርድ ቤት የሚቀርብበት ዋናው ምክንያት መሬት ነበር፤ ሲገዛ፣ ሲሸጥ፣ ሲከራከር፣ ሲያወርስ። ስለዚህ የዘር ሐረግ ፈላጊው ማስተዋል ያለበት መዝገቡ የተጻፈው ለመሬቱ ሲባል መሆኑን ነው። ሚስት፣ ልጅ፣ አማች የሚጠቀሱት የመሬቱ ባለቤትነት እነሱን ሲነካ ብቻ ነው። መሬቱን ያልነካ ልጅ ኖሮ ሞቶ ስሙ አንድም ቦታ ላይገኝ ይችላል።

መሬቱ ከየት መጣ

ጆን ዋሽንግተን ከእንግሊዝ የመጣው በመርከብ ሠራተኛነት ሲሆን መርከቡ በፖቶማክ ወንዝ ውስጥ አሸዋ ላይ ተቀምጦ ስለነበር በዚያው ቀረ። የናትናኤል ፖፕን ልጅ አንን አገባ፤ አማቹም ማቶክስ ክሪክ አጠገብ 700 ኤከር ሰጣቸው። ይህ ስጦታ በሰነድ ባይሰፍር ኖሮ የአን አባት ማን እንደነበረ ዛሬ በእርግጠኝነት ለመናገር ያስቸግር ነበር። የሴት የትውልድ ስም ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እንዲህ፣ አባቷ ለአማቹ በሰጠው መሬት በኩል ነው።

በቨርጂኒያ መሬት ማግኛው ሌላው መንገድ «ሄድራይት» የሚባለው ደንብ ነበር። አንድን ሰው በራሱ ወጪ ባሕር ያሻገረ ለእያንዳንዱ ሰው 50 ኤከር ይሰጠው ነበር። የተሻጋሪዎቹ ስም በድልድል ሰነዱ ላይ ይዘረዘራል። ብዙ ሰው ይህን ዝርዝር አይቶ «አያቴ በዚህ ዓመት አሜሪካ ገባ» ይላል፤ ስህተት ነው። የማስረጃ ወረቀቱ ይሸጥና ይገዛ ስለነበር ሰውየው ከገባ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ፈጽሞ በማያውቀው ሰው መሬት ላይ ስሙ ሊወጣ ይችላል።

በፖቶማክና በራፓሃኖክ ወንዞች መካከል ያለው ኖርዘርን ኔክ ግን የተለየ ነበር። ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ በ1649፣ በስደት ሳለ፣ ይህን ሁሉ ምድር ለደጋፊዎቹ ሰጠ። ኋላም በሎርድ ኩልፔፐር በኩል ወደ ፌርፋክስ ቤተሰብ ተላለፈ። በዚህ ክልል መሬት የሚመሩት ባለጉልቶቹ ስለነበሩ መዝገቡም ከቅኝ ግዛቱ አስተዳደር መዝገብ የተለየ ነው። በተሳሳተው ጥራዝ ወራት የሚፈልግ ሰው ቅድመ አያቱ መሬት አልነበረውም ብሎ ይደመድማል።

ሳይንቀሳቀስ አገር የለወጠ መሬት

ሊትል ሃንቲንግ ክሪክ ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ ካውንቲው (የአስተዳደር ወረዳው) ግን ተቀያየረ። ዌስትሞርላንድ በ1653 ተመሠረተ፤ ስታፎርድ በ1664 ከእርሱ ተቆረሰ፤ ፕሪንስ ዊሊያም በ1731 ተከተለ፤ ፌርፋክስ ደግሞ በ1742 ከፕሪንስ ዊሊያም ወጣ። የድሮው መዝገብ በድሮው ካውንቲ ፍርድ ቤት ይቀራል እንጂ አዲሱን አይከተልም። የጆርጅ አባት ኦገስቲን የሞተበት፣ ዛሬ ፌሪ ፋርም የሚባለው እርሻ አሁን ያለው በስታፎርድ ነው። በ1743 ግን በኪንግ ጆርጅ ካውንቲ ውስጥ ስለነበር የኦገስቲን ኑዛዜ የተመዘገበው በኪንግ ጆርጅ ነው። ጀማሪ ፈላጊ ከካርታው በፊት ስሙን ይፈልጋል፤ ልምድ ያለው መጀመሪያ የካውንቲዎቹን የትውልድ ዝርዝር ያወጣል።

ዛሬ በስፕሪንግፊልድ ወይም በአናንዴል ቤት የሚገዛ ኢትዮጵያዊ ውሉን የሚያስመዘግበው በፌርፋክስ ካውንቲ ነው፤ የዚያ መዝገብ የመጀመሪያ ጥራዞች ከ1742 ይጀምራሉ።

ሚልድረድና 180 ፓውንድ

መሬቱ በ1690 ከስፔንሰር ወራሾች ጋር ለሁለት ተከፈለ። የዋሽንግተኖቹ ድርሻ 2,500 ኤከር የጆን ልጅ ሎውረንስ እጅ ነበር። ሎውረንስ በ1698 ሲሞት ሦስት ልጆች ነበሩት፤ ጆን፣ ኦገስቲንና ሚልድረድ። ሊትል ሃንቲንግ ክሪክን የተናዘዘው ለወንዶቹ አልነበረም፤ ለሴት ልጁ ለሚልድረድ ነው። ሚልድረድ ሮጀር ግሪጎሪን አገባች፤ በ1726 ከባሏ ጋር ሆና መሬቱን ለወንድሟ ለኦገስቲን በ180 ፓውንድ ሸጠች።

ኑዛዜ ብቻውን እንዴት እንደሚያሳስት እዚህ ላይ ይታያል። ኦገስቲን በ1743 ያንኑ መሬት ለልጁ ለሎውረንስ ተናዘዘለት። የኦገስቲንንና የልጁን የሎውረንስን ኑዛዜ ብቻ ያየ ሰው መሬቱ ከአያት ወደ አባት ወደ ልጅ በቀጥታ የወረደ ይመስለዋል፤ ሚልድረድ ከታሪኩ ትወጣለች። እሷን የሚመልሳት የሽያጭ ውሉ ነው። ሰው ገዝቶ ያላገኘውን መሬት ሲሸጥ ከታየም ወርሶታል፣ ወይም ሚስቱ ወርሳዋለች ማለት ነው። የባልና የሚስት ስም አብረው በሻጭነት ከተጻፉ ደግሞ ፈላጊው የሚስቲቱን አባት መፈለግ ይጀምራል።

ያገባች ሴት በራሷ ስም መሬት መሸጥም ሆነ በተለመደው መንገድ መናዘዝ አትችልም ነበር። ባልዋ ሲሸጥ ግን በመሬቱ ላይ ያላትን የባልቴትነት መብት መተዋን ፍርድ ቤት ባሏ በሌለበት ይጠይቃታል፤ ተገዳ አለመሆኗም ይጻፋል። በሕጉ ባልቴት ከባሏ መሬት አንድ ሦስተኛውን በሕይወት እስካለች ትጠቀምበታለች፤ በእኛ የሕግ ቋንቋ የአላባ መብት የሚባለው ዓይነት ነው። ገዢው ነገ ባልቴቲቱ እንዳትከስሰው ፈርቶ ያስጻፋት ያቺ አጭር መስመር ለብዙ ሴቶች ስማቸውን የያዘች ብቸኛዋ ወረቀት ናት።

ሽያጩ ራሱም ብዙ ጊዜ በሁለት ሰነድ ይፈጸም ነበር። መጀመሪያ ሻጩ በጥቂት ሺሊንግ ለአንድ ዓመት «ያከራየዋል»፤ በማግስቱ ሙሉ መብቱን ይለቅለታል። ጉዳዩ የሕግ ብልሃት ነበር፤ ኪራይም ተከራይም የለም። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አንብቦ ቅድመ አያቱን ጭሰኛ ያደረገ ስንት አለ!

ቃላቱ ዛሬ የሚሉትን አይሉም

የዘመኑ እንግሊዝኛ ወጥመድ አለው። «አማች» የሚለው ቃል የእንጀራ ልጅ ማለት ሊሆን ይችላል፤ «የአጎት ልጅ» የሚለውም የወንድም ወይም የእህት ልጅ። «ትልቁ» እና «ትንሹ» ተብለው የተለዩ ሁለት ጆኖች አባትና ልጅ መሆን የለባቸውም፤ በአንድ አካባቢ የሚኖሩ አጎትና የወንድም ልጅ፣ ወይም ጭራሽ የማይዛመዱ ሊሆኑ ይችላሉ። «ወላጅ አልባ» የሚባለው አባቱ የሞተበት ነው፤ ጆርጅ በ11 ዓመቱ በሕግ ፊት ወላጅ አልባ ሆነ፣ እናቱ ሜሪ ቦል ግን እስከ 1789 ኖራለች። ለአንድ ልጅ አንድ ሺሊንግ ብቻ መናዘዝም የግድ ቁጣ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ልጁ ድርሻውን አስቀድሞ በሕይወት ሳሉ ተቀብሏል።

ስሞቹም ይደጋገማሉ። ስደተኛው ጆን ሎውረንስ የሚባል ወንድም ነበረው፤ እሱም ቨርጂኒያ መጣ፤ ሁለቱም ለልጆቻቸው ያንኑ ስም ደጋገሙ። ሰዎቹ የሚለዩት በሚስቶቻቸው ስም፣ በጎረቤቶቻቸውና በወሰን ምልክቶቻቸው ነው። ወሰኑ የሚጻፈው በነጭ ኦክ ዛፍ፣ በጅረትና በጎረቤት መሬት ነበር፤ ቀያሹ 66 ጫማ ርዝመት ያለው ሰንሰለት ይጎትታል። ጆርጅ ራሱ በ17 ዓመቱ፣ በ1749፣ የኩልፔፐር ካውንቲ ቀያሽ ነበር። የሰበካው ጉባኤም በየአራት ዓመቱ ሰው መድቦ ወሰኖቹን በእግር ያስዞር ነበር። የሁለት ሰዎች መሬት የተዋሰነበትን ዛፍ በካርታ ላይ ማስቀመጥ ከስማቸው ይልቅ ማንነታቸውን ይለያል።

የቀን ጉዳይ ለእኛ አንባቢ አዲስ አይደለም። እስከ 1752 የእንግሊዝ ዓመት የሚለወጠው ማርች 25 ቀን ነበር። በዚህ ምክንያት የጆርጅ ልደት በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1731/32 ተብሎ ሰፍሯል፤ በአዲሱ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1732 ነው። ይህን ያልተረዳ ፈላጊ ኑዛዜው ከመጻፉ በፊት የጸደቀበት ሰው ያገኛል።

ባልቴቷ፣ ሕፃኗ፣ ዋርሳው

ኦገስቲን ኑዛዜውን ያስጻፈው ከመሞቱ አንድ ቀን አስቀድሞ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1743 ነው። ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለደው ሎውረንስ ሊትል ሃንቲንግ ክሪክን ወሰደ፤ በአድሚራል ቨርነን ስምም ማውንት ቨርነን ተባለ። ለጆርጅ የደረሰው ፌሪ ፋርምና በባርነት የተያዙ አሥር ሰዎች ነበሩ።

ሎውረንስ በ1752 ሞተ። በኑዛዜው መሬቱ ለሕፃኗ ልጁ ለሣራ ሆኖ፣ ሚስቱ አን ፌርፋክስ በሕይወቷ እንድትጠቀምበት፣ ሣራ ያለ ልጅ ከሞተች ግን ለጆርጅ እንዲሆን አዘዘ። ሣራ በ1754 ሞተች። አን ሌላ ባል አግብታ ስለነበር በዚያው ዓመት የአላባ መብቷን ለዋርሳዋ ለጆርጅ በዓመት 15,000 ፓውንድ ክብደት ትምባሆ አከራየችው። በ1761 ስትሞት መሬቱ የእሱ ሆነ። ኑዛዜ ውስጥ ያለ «ያለ ልጅ ከሞተች» የሚል ሐረግ ለዘር ፈላጊ ወርቅ ነው፤ ቀጣዩ ወራሽ ማን እንደሆነና ተናዛዡ የማንን ሕይወት እንደሠጋ ይናገራል።

ያልተናዘዘው ሰው

በዚህ ሁሉ ውስጥ ትልቁን መዘዝ ያመጣው ያልተጻፈ ኑዛዜ ነው። የጆርጅ ሚስት የማርታ የመጀመሪያ ባል ዳንኤል ፓርክ ከስቲስ በ1757 ሳይናዘዝ ሞተ። ስለዚህ ሕጉ ለባልቴቷ የንብረቱን አንድ ሦስተኛ በሕይወት ዘመን መብት ሰጣት፤ በባርነት የተያዙትንም ሰዎች ጨምሮ፣ ምክንያቱም በ1705 የወጣ የቨርጂኒያ ሕግ ለውርስ ጉዳይ እንደ መሬት ይቆጥራቸው ነበር። እነዚህ ሰዎችና ልጆቻቸው ከማርታ በኋላ የከስቲስ ወራሾች ንብረት ነበሩ።

ጆርጅ በ1799 ኑዛዜውን ያለ ሕግ ባለሙያ በገዛ እጁ 29 ገጽ ጻፈ። በዚያ ዓመት በማውንት ቨርነን 317 በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ፤ 123ቱ የራሱ፣ 153ቱ የከስቲስ ድርሻ፣ የቀሩት ከሌላ የተከራዩ። ነፃ ሊያወጣ የቻለው የራሱን ብቻ ነው፤ እነሱም ማርታ እስክትሞት እንዲቆዩ አዘዘ። ወዲያው ነፃ የወጣው ዊሊያም ሊ ብቻ ሲሆን በዓመት 30 ዶላር ተቆረጠለት። ማርታ ሌሎቹን በጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ለቀቀቻቸው። የሁለቱ ወገን ሰዎች ለዓመታት ተጋብተው ስለነበር በ1802 ማርታ ስትሞት የከስቲሶቹ ለአራት የልጅ ልጆቿ ተከፋፈሉ፤ ባል ነፃ፣ ሚስትና ልጆች ባሪያ ሆነው የተለያዩ ቤቶች ነበሩ።

የእነዚህን ሰዎች ዘር ለሚፈልግ የጌታው ኑዛዜና የንብረት ዝርዝር ዋናው መንገድ ነው። ነፃ የወጡት ሁሉ በስማቸው የተቆጠሩት በ1870ው የሕዝብ ቆጠራ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ከላምና ከአልጋ ቀጥሎ፣ ዋጋ ተጽፎበት፣ በነጠላ ስም ይገኛል። ከ1662 ጀምሮ ልጅ የእናቱን ሁኔታ ስለሚከተል ገማቾቹ እናትና ልጆችን ብዙ ጊዜ አብረው ይጽፉ ነበር፤ አባት ግን የለም።

የተቃጠለውና የተሰረቀው

በርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት በርካታ ካውንቲዎች መዝገባቸውን ለጥንቃቄ ወደ ሪችመንድ ላኩ፤ ከተማዋ በኤፕሪል 1865 ስትቃጠል የሃኖቨርና የጄምስ ሲቲ አብዛኛው መዝገብ አብሮ ነደደ። ካልላኩት የተሻለ ነበር። የፌርፋክስ ፍርድ ቤትን የሰሜን ወታደሮች ያዙት፤ በ1862 አንድ መኮንን የማርታን ኑዛዜ ይዞ ሄደ። ወረቀቱ ኋላ ለባለጸጋው ጄ. ፒ. ሞርጋን ተሸጠ፤ ቨርጂኒያ ይመለስልኝ ብላ ተሟገተች፤ በ1915 ወደ ፌርፋክስ ተመለሰ። ዛሬ ከጆርጅ ኑዛዜ ጋር በዚያው ካውንቲ ፍርድ ቤት ይጠበቃል። በውስጡ ማርታ በራሷ ስም የያዘችው አንድ ሰው ተጠቅሷል፤ ኤሊሽ ይባላል። ነፃ አላወጣችውም፤ ለልጅ ልጇ ለጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክ ከስቲስ ተናዘዘችው።