አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚለዩ የክሮማቶግራፊ አምዶች፦ ከኮምቦልቻ ሲታዩ

ክሮማቶግራፊ የተቀላቀለን ነገር አንድ በአንድ የመለያ ዘዴ ነው። እዚህ የሚለዩት አሮማቲክ ሃይድሮካርቦኖች ናቸው፤ ከካርቦንና ከሃይድሮጂን ብቻ የተሠሩ፣ እንደ ቤንዜን የካርቦን ቀለበት ያላቸው ውህዶች። ለእኛ አገር ሰው ቀላሉ ምሳሌ የሐረጎ ቁልቁለት ነው። ከደሴ መናኸሪያ እኩል የወጡ ሚኒባሶች ኮምቦልቻ እኩል አይደርሱም። ተሳፋሪ ባየ ቁጥር የሚቆመው ይዘገያል፤ ዝም ብሎ የሚወርደው ይቀድማል። አምዱ፣ ማለትም ድብልቁ የሚያልፍበት ቱቦ፣ መንገዱ ነው። ውስጡ ያለው ቁስ ደግሞ ሞለኪውሎቹን እንደየባህሪያቸው የሚያስቆመው ተሳፋሪ ነው።

ጀማሪው ማን እንደሆነ ያከራክራል። አብዛኛው ሰው ክብሩን የሚሰጠው የቅጠል ቀለሞችን በካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት ለለየው ሩሲያዊ ለሚካኤል ጽቬት ነው። ሆኖም አሜሪካዊው ዴቪድ ዴይ ቀደም ብሎ ድፍድፍ ነዳጅን በሸክላ አፈር ውስጥ አሳልፎ ነበር። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚቀርበው ያለ ጥርጥር ዴይ ነው። ድብልቁ ተንኖ በጋዝ እየተገፋ አምዱን የሚያልፍበት ጋዝ ክሮማቶግራፊ በ1952 እ.ኤ.አ. በጄምስና ማርቲን ይፋ ሆነ።

ቤንዜን (ከማደያው ቤንዚን ጋር አይምታታ) በ80፣ ቶሉዊን በ111 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላሉ። ይህ በባሕር ወለል ነው፤ ደሴ ላይ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ እነዚህን ተራ አምድም ይለያቸዋል። ጣጣው ያለው ዛይሊኖቹ ጋ ነው። ሦስቱ ዛይሊኖች (ኦርቶ፣ ሜታና ፓራ፤ የሚለያዩት በቅርጻቸው ነው) እና ኢታይልቤንዜን ሁሉም 8 ካርቦንና 10 ሃይድሮጂን አላቸው። ፓራ ዛይሊን በ138.4፣ ሜታ ዛይሊን በ139.1 ይፈላል። በመፍላት ነጥብ ብቻ የሚለይ አምድ ሁለቱን በአንድ ጉብታ (ውህድ ከአምዱ ሲወጣ በመለኪያው ግራፍ ላይ በሚታየው እብጠት) ያወጣቸዋል።

ስለዚህ ቅርጽ የሚያውቅ ቁስ ያስፈልጋል። ከቀደሙት አንዱ ቤንቶን 34 ነው። ይህ በንብርብሮቹ መካከል ያሉት እንደ ሶዲየም ያሉ አዮኖች ረጅም ጅራት ባለው የአሞኒየም ጨው የተተኩበት ቤንቶናይት ሸክላ ነው። ንብርብሮቹ ይራራቃሉ፤ ፓራና ሜታም ይለያያሉ። ድክመቱ ብዙ ሙቀት አለመቻሉ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራው በፖሊኢቲሊን ግላይኮል የተቀባ ቀጭን አምድ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የቻይና ተመራማሪዎች ሚል 101 በተባለ ክሮሚየም ያለበት ባለ ቀዳዳ ቁስ አራቱንም በ1.6 ደቂቃ ለይተዋል።

ጉዳዩ ለኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም። እነዚህ ውህዶች ያሉበትን ነዳጅ ጭነው ከጅቡቲ በሚሌ የሚመጡ ቦቴዎች ያልፉባታል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዚሁ ነው። ጥሬ ዕቃውም ቢሆን ቅርብ ነው፤ ከባቲ ወዲያ፣ በአፋር ገዋኔ አካባቢ ቤንቶናይት አለ። ሸክላው ይታጠባል፣ ይነፋል፣ አዮኑ ይቀየራል፣ በደረቅ ፍርፋሪ ላይ ተቀብቶ አምድ ውስጥ ይሞላል። ከዚያ ፓራና ሜታ ዛይሊን ተቀላቅለው ይከተታሉ። ሁለት ጉብታ ከወጣ አምዱ ሠርቷል፤ አንድ ከወጣ ወደ ማጠቢያው መመለስ ነው።