የስኳድሮን ፓች ምንድን ነው?

በበረራ ቱታ ደረት ወይም ክንድ ላይ የሚደረግ፣ አብራሪው ከየትኛው ክፍል እንደሆነ የሚናገር የጥልፍ አርማ ነው። ስኳድሮን የአየር ኃይል የበረራ ክፍል ነው፤ ቁጥር፣ የተመደበለት የአውሮፕላን ዓይነትና የሚነሳበት የአየር ምድብ አለው። ፓቹ ይህን ሁሉ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ክብ ጨርቅ ላይ ያሰፍራል። ልማዱ በጨርቅ አልጀመረም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አርማው በቀለም የሚሣለው በአውሮፕላኑ ጎን ላይ ነበር፤ ወደ ጃኬትና ቱታ የወረደው ኋላ ነው።

ሐረር ወይም ድሬዳዋ አሮጌ ፓች እጁ የገባ ሰው አስቀድሞ ማየት ያለበት አውሮፕላኑና የመንግሥት አርማው በዘመን ይገጥሙ እንደሆነ ነው። ዘውድ ካለበት የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል ነው፤ ዘመኑ 1967 ሳይሻገር ያበቃል። በዚያ ወቅት የነበሩት አውሮፕላኖች ሳብ 17፣ ኤፍ-86፣ ካንቤራ፣ ኤፍ-5ኤና መሰሎቻቸው ናቸው። ሚግ-21 እና ሚግ-23 ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ከ1970 ወዲህ ነው። ስለዚህ ዘውድና ሚግ-23 አንድ ላይ ከተጠለፉ ዕቃው በኋላ የተፈበረከ ነው፤ ዋጋ መከራከርም አያስፈልግ። ሱ-27 ደግሞ በ1991 ዓ.ም. ነው የገባው።

ለድሬ ሰው ከሁሉ የሚቀርበው ኤፍ-5 ነው። በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ሲደርስ፣ የ9ኛ ስኳድሮን ኤፍ-5ኢዎች የሶማሊያን ሚጎች በአየር ላይ ፍልሚያ ጣሏቸው። ከነዚህ አብራሪዎች አንዱ ለገሠ ተፈራ ተመትቶ ተማርኮ ሶማሊያ ውስጥ 11 ዓመት ታስሯል። በፓቹ ላይ «9» መኖሩ ክብደት የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ በብዛት የሚቀዳውም እንደዚሁ። በነገራችን ላይ «ሐረር ሜዳ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፓች ከሐረር ከተማ አይደለም፤ ሐረር ሜዳ ያለው ቢሾፍቱ ነው። ይህን ሳያውቁ የሐረር ትዝታ ብለው የሚገዙ አሉ።

ወደ አሠራሩ እንምጣ። በኮምፒውተር ለሚሠራ ጥልፍ ጠንካራ ጨርቅ ከሥሩ ሁለት ድርብ ማጠናከሪያ ተነጥፎለት መወጠሪያው ላይ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ላላ ካለ ዙሪያው ይጨማደዳል። ስፌት ጨርቁን ወደሄደበት አቅጣጫ ስለሚስብ ክቡ እንቁላል መስሎ ይወጣል፤ ጥልፍ የሚያውቅ ሰው ንድፉን በዚያ አቅጣጫ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር አስፍቶ ይነሳል። የታችኛው ነጭ ክር ፊት ላይ ከታየ የላይኛው ክር ከመጠን በላይ ከርሯል ማለት ነው።

አስቸጋሪው ፊደላችን ነው። የላቲን ፊደል 5 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል፤ የእኛ ግን እግርና ቀለበት ስላለው ከ7 እስከ 8 ይፈልጋል። ከዚያ ካነሰ «ስኳድሮን» ውስጥ የኳ የሥር ሰረዝ ከላይኛው ጋር ይጣበቅና ቃሉ አይነበብም። ቅጂዎች ብዙ ጊዜ የሚጋለጡት እዚህ ላይ ነው።

ጠርዙ እንደ ኦቨርሎክ ተጠምጥሞ ወፍሮ የተሠራ ከሆነ ጀርባው ላይ የክር ጭራ ተጣብቆ ይገኛል። ይህ ጠርዝ ወደ ውስጥ ሹል ማዕዘን መዞር አይችልም፤ ስለዚህ ቅርጹ ክብ ወይም ጋሻ ይሆናል። በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና የተሠራ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የሐረሩን የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ መኪና ግርግርን፣ ያየ እነዚያን መኪኖች ያውቃቸዋል። ጨርቅ የሚገፋው ጥርስ ይወርዳል፣ ጨርቅ የሚጫነው እግር ይወልቃል፣ ጨርቁን የሚነዳው እጅ ነው። የስፌቱ ርዝመት አንድ ወጥ አይሆንም፤ ጀርባው ላይ ክሩ ከፊደል ፊደል ይዘላል፤ ሁለት ፓች አንድ ዓይነት አይወጣም። እንዲህ ያለውን «ጉድለት አለበት» ብሎ መጣል ስህተት ነው፤ ኮምፒውተር ጥልፍ ቤት ሳይገባ በፊት የነበረ የእጅ መኪና ሥራ እንዲህ ነው።

ለማረጋገጥ የሐሰት ብር መለያው ሐምራዊ መብራት ይጠቅማል። የዛሬ ፖሊስተር ክር፣ በተለይ ነጩ፣ በመብራቱ ሥር ቦግ ይላል፤ የድሮ ጥጥ ክር ብዙውን ጊዜ አይልም። ግን አሮጌው ፓች በኦሞ ከታጠበ እሱም ያበራል፣ ሳሙናው ነጭ ማድመቂያ አለውና። ስለዚህ መብራቱን የስፌት ጀርባ ላይ፣ ክሩ በታጠፈበት ቦታ አብሩት፤ ፊቱና ጀርባው እኩል ካበሩ እጥበት ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ቀለም ብቻ ካበራ ክሩ ነው።

አሮጌ ፓች አይታጠብ፣ አይተኮስ፤ ቀዩ ክር ቀለሙን ይለቃል። ድሬ ላይ ደግሞ መስታወት ውስጥ አድርጎ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ መስቀል ቀለሙን ያነጣዋል። አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ማኖር ይሻላል፤ ከመጠቅለል በፊት ግን ጀርባውንም ፎቶ አንሱት።