አሮጌ የጀልባ ሞተር ሲሞቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አቃቂና ቃሊቲ ዳር ባሉ ጋራዦች የጀልባ ሞተር ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ የሚያየው የመኪና ሜካኒክ ነው። የእጁ ሙያ በጣም ይጠቅማል። የሚያሳስተው ከመኪና ጋር የለመደው ሐሳብ ነው። ከጀልባው ኋላ የሚንጠለጠለው ሞተር ራዲያተር የለውም። ውሃውን በታችኛው ክፍሉ በኩል ከሐይቁ ይስባል፣ በኢምፔለር (ክንፍ ባለው ተሽከርካሪ የፓምፕ ጎማ) ወደ ላይ ይገፋል፣ በሲሊንደሩና በቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ዙሪያ አዙሮ መልሶ ይደፋዋል። ስለዚህ ሲሞቅ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ውሃው የት ላይ ቆመ?

«በጎኑ ውሃ እየፈሰሰ ነው፣ አይሞቅም»

ሞተሩ ሲሠራ በጎኑ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ የሚወጣው ቀጭን ውሃ የሚናገረው ፓምፑ እየገፋ መሆኑን ብቻ ነው። በብዙ ሞዴሎች ውሃው ወደዚያ ቀዳዳ የሚሄደው ቴርሞስታቱ (እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል) ጋ ሳይደርስ ነው። ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ከቀረ ውጭ የሚታየው ውሃ ያምራል፣ ቴስታታው ግን ይግላል። ሞተሩ አምስት ደቂቃ ከሠራ በኋላ ካንዴላው አጠገብ ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ ጣል ያድርጉበት። ጠብታው ቆይቶ ቀስ ብሎ ከደረቀ ደህና ነው። ችስ ብሎ ከጠፋ ሞተሩን ወዲያው ያጥፉት።

«ውሃ ካልፈሰሰ ፓምፑ ሞቷል»

ቦሎን ከመፍታትዎ በፊት ወፍራም የዓሣ ማጥመጃ ክር በቀዳዳው ያስገቡና ወዲያ ወዲህ ያድርጉት። ብዙ ወር የቆመ ሞተር ላይ ተርብ በጭቃ ደፍኖት ይገኛል። ቀጥሎ ከታች ያለውን የውሃ መግቢያ ወንፊት ይዩ። አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ የሠራ ሞተር ከሆነ የእምቦጭ ሥር ወይም ፌስታል ተለጥፎበት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ንጹሕ ከሆኑ ያኔ ወደ ኢምፔለሩ ይሂዱ።

«ለመሞከር ያህል ያለ ውሃ ቢነሳ ምንም አይሆን»

ይሆናል። ኢምፔለሩን የሚያለሰልሰው ራሱ ውሃው ነው። በደረቁ ሲሽከረከር ጎማው ቤቱን እየፋቀ በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላል። ሞተር ግቢ ውስጥ የሚፈተነው በ200 ሊትር በርሜል ነው፤ ውሃው ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን ጠፍጣፋ ክንፍ ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ይሸፍን። ማርሹ ነጻ ላይ ይሁን፣ ጋዙም አይጨመር። ጭሱ የሚወጣው በዚያው ውሃ ውስጥ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይሞቃል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይቀይሩት።

ኢምፔለር ለመቀየር መጀመሪያ የካንዴላውን ሽቦ ይንቀሉ፤ ይህ ለእጅዎ ደኅንነት ነው። የታችኛውን ክፍል የያዙትን ቦሎኖች ይፍቱ። ብዙ ሞተር ላይ የማርሽ ዘንጉ ለብቻው መፈታት አለበት፤ አልወርድ ሲል በመዶሻ አይምቱት፣ የቀረ ነገር አለ ማለት ነው። የፓምፑ ቤት ሲከፈት ኢምፔለሩን መዳፍዎ ላይ አድርገው ክንፎቹን ይቁጠሩ። አንድ ክንፍ ከጎደለ ሥራው አላለቀም፦ የተቆረጠችው ጎማ ከውሃው ጋር ወጥታ ቱቦው ወይም ቴስታታው ውስጥ ተሰክታለች፤ ፈልገው ካላወጧት አዲሱ ኢምፔለርም አያድንም። ክንፎቹ ወደ አንድ ጎን ታጥፈው ደርቀው ከቀሩም፣ ባይቆረጡም ይቀየሩ። አዲሱን በሳሙና ውሃ ያርጥቡ፣ ቤቱን ወደ ታች እየገፉ ዘንጉን ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ያዙሩ። ሲገጥሙ የውሃው ቱቦ ጎማው ውስጥ በትክክል መግባቱን በዓይንዎ ይዩ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ፓምፑ አዲስ ሆኖ ውሃው በጎን ይፈስሳል።

«ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል»

መኪና ላይ የተለመደው ይህ ልማድ እዚህም ጉዳት አለው። ሞተሩ ከልክ በላይ ሲቀዘቅዝ ነዳጁ በደንብ አይተንም፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ፒስቶኑ ላይ ካርቦን ይጋገራል። ይልቅ ይፈትሹት። ነጭ ድንጋይ ከያዘ ጥቂት ሰዓት አቼቶ ውስጥ ይንከሩት፣ ያጥቡት፣ ከዚያ በክር አንጠልጥለው ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ያሙቁት። ብዙዎቹ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ውስጥ መከፈት ይጀምራሉ። ውሃው ፈልቶም ካልተከፈተ ይቀየር። ሲመልሱት ጓርኒሲዮኑን (በክዳኑ መካከል ያለውን ማሸጊያ) አዲስ ያድርጉ።

«100 ዲግሪ እስኪደርስ ችግር የለም»

አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ዝዋይ ላይ 95 ገደማ። የጀልባ ሞተር እንደ መኪና በክዳን የታፈነ ውሃ ስለሌለው እንፋሎት ቀድሞ ይፈጠራል። እንፋሎት በያዘው ቦታ ደግሞ ብረቱን የሚያቀዘቅዝ ውሃ የለም።

«ዘይት ሲበዛ ይቀዘቅዛል»

ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር በሚቀላቀልበት ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ሲበዛ በዚያው ልክ ነዳጁ ያንሳል፤ ይህም ሙቀት ይጨምራል። መጠኑ 50 ለ1 ከሆነ ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር፣ 25 ለ1 ከሆነ 400 ነው። አሮጌ ሞተሮች ስለሚለያዩ የሞተሩ ጽሑፍ ላይ ያለውን ይከተሉ። የመኪና ዘይት አይጨመርም።

«ቀዝቃዛ ውሃ ድፉበት»

በፍጹም። የጋለ አሉሚኒየም በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። አጥፍተው ክዳኑን ይክፈቱ፣ እጅ እስኪችለው ድረስ ይጠብቁ። ከዚያ ካንዴላዎቹን አውጥተው በገመዱ ቀስ ብለው ያዙሩት። በልስላሴ ከዞረ ፒስቶኑ አልተጣበቀም፤ ቀዳዳውን በዓሣ ማጥመጃ ክር ከመጥረግ ጀምረው ውሃው የቆመበትን ይፈልጉ። ከያዘ አያስገድዱት፣ ቴስታታው ይከፈት።