ምእመን በእምነቱ እንዲጸና፦ በጉባኤዎቻችን የተለመዱ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ያኔ ተጠምቀው ከውሃ ሲወጡ እልል የተባለላቸው ሰዎች ዓመት ሳይሞላቸው የት ገቡ? በየወንጌላውያን ጉባኤው ይህ ጥያቄ አለ። መልሱን ግን ሁልጊዜ የምንፈልገው ከጠፉት ሰዎች ድካም ነው። እስቲ ከራሳችን አስተሳሰብ እንጀምር።

“ጽናት በሰውየውና በጌታ መካከል ያለ ጉዳይ ነው”

ማንም በሌላው ፈንታ እንደማያምን እርግጥ ነው። ሆኖም የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊ እየዛሉ ለነበሩ አማኞች ሲጽፍ ጉዳዩን ለየራሳቸው አልተወውም፤ በ3፥13 ማንም በኃጢአት ተታልሎ እልከኛ እንዳይሆን በየቀኑ እርስ በርሳችሁ ተመካከሩ ይላል። በየቀኑ ነው፤ በየእሁዱ አይደለም። “መሰብሰባችንን አንተው” የሚለውን ጥቅስም የቀሩትን ለመውቀስ እንመዘዋለን እንጂ፣ ከእሱ በፊት ያለውን “እርስ በርሳችን እንተያይ” የሚለውን ማን ያነበዋል?

“ትልቅ አዳራሽና የሞቀ ፕሮግራም ሰውን ያቆያል”

ደርግ በ1974 ዓ.ም. ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አንዷ የሆነችውን መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። ሕንፃዎቿ ተወረሱ፣ የባንክ ሒሳቧ ታገደ፣ መሪዎቿ ታሰሩ፤ አንዳንዶቹ ከ4 ዓመት በላይ በእስር ቆዩ። መድረክ የለ፣ ድምፅ ማጉያ የለ፣ ኮንፈረንስ የለ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ እንደገና በአደባባይ መሰብሰብ ሲቻል ግን ቁጥሩ 34,000 አካባቢ ደርሶ ነበር።

ይህን ታሪክ በተረክን ቁጥር “ስደት ቤተ ክርስቲያንን ያሳድጋል” ብለን እንዘጋዋለን። እኔ በዚህ አልስማማም። መከራ በራሱ የሚያጸና ቢሆን ኖሮ ከጎረቤታችን ከኑቢያ (በዛሬዋ ሱዳን ከነበረችው) ክርስትና ባልጠፋ ነበር። ለውጥ ያመጣው አሠራሩ ነው። ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ያዩት መሪዎች ቀኑ ሳይደርስባቸው በቤት መሰብሰብን አስለምደዋል። የሚገናኙት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ አምስት ወይም ሰባት ቢሆኑ ነው። ሲበዙ ይከፈላሉ፤ ቦታና ሰዓት ይቀያይራሉ። ቤቱን የከፈተችው እናት ብዙ ጊዜ አስተማሪም እሷው ናት። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆኖ ከኋላ ወንበር መደበቅ አይቻልም፤ ያነብባሉ፣ ይጸልያሉ፣ ያልመጣው ሰው ወዲያው ይታወቃል፤ ምናልባት ታስሮ ይሆናልና ሳይጠየቅ አይታደርም።

ዛሬም የቤት ኅብረት አለን፤ በወረቀት። ብዙ ቦታ ግን የእሁዱ ጉባኤ ታናሽ ወንድም ሆኗል፦ አንዱ ያስተምራል፣ ሌላው አንገቱን እየነቀነቀ ያዳምጣል፣ ከዚያ “ጌታ ይባርካችሁ” ተባብሎ መለያየት ነው። የባልየው ሥራ መጥፋቱን ማንም ሳያውቅ ስድስት ወር ያልፋል።

“የቀረ ሰው ቀዝቅዟል”

አንዳንዱ በእርግጥ ቀዝቅዟል። ሌላው ግን የሌሊት ጥበቃ ነው፤ ሌላዋ አራስ ናት፤ ሌላው አሥራት የሚሰጠው ስለሌለው ዓይን የሚያርፍበት እየመሰለው ነው። “የት ጠፋህ?” የሚለውን ጥያቄ በመጀመሪያው ሳምንት በስልክ ቢሰማው ደስ ባለው። በአምስተኛው እሁድ በር ላይ ሰው ፊት ሲጠየቅ ግን “ምነው ባልመጣሁ” ያሰኘዋል።

በኢየሩሳሌም ጉባኤ ከግሪክ አገር የመጡት አይሁድ መበለቶቻቸው በዕለታዊው እደላ ተዘነጉ ብለው ሲያንጎራጉሩ ሐዋርያት በጸሎት ታገሡ አላሏቸውም። ስማቸው የተጻፈ ሰባት ሰዎች ለሥራው ተሾሙ (ሐዋ. 6)።

“ጥያቄ ያበዛ ልቡ ሸፍቷል”

ቶማስ ካላየሁ አላምንም ካለ በኋላ በስምንተኛው ቀን የት ነበር? ከደቀ መዛሙርቱ ጋር፣ እዚያው ቤት። አላባረሩትም። የኛዎቹ ወጣቶች ግን ቲክቶክ ላይ የሰሙትን ክርክር ይዘው ሲመጡ ለጸሎት እንዲንበረከኩ እንነግራቸዋለን፤ ጥያቄው ሳይመለስ ከነጥያቄው ይነሣሉ። መልሱን የማያውቅ መሪ “አንብቤ እነግርሃለሁ” ቢል ምን ይጎድልበታል?

“የወደቀውን ማገድ ጉባኤውን ይጠብቃል”

ማገድ አንዳንዴ ግድ ነው። የኛ ችግር ከማገዱ ማግስት ይጀምራል። ልጅቷ ከመዘምራን ትነሣለች፣ ማስታወቂያው ይነበባል፤ ከዚያ የትናንት የአገልግሎት ጓደኞቿ መንገድ ላይ ሲያዩዋት ይሻገራሉ። ጳውሎስ ግን በብዙዎች ስለተቀጣው ሰው ለቆሮንቶስ ሲጽፍ፣ ከልክ በሚበዛ ኀዘን እንዳይዋጥ ይቅር በሉት፣ አጽናኑትም ይላል (2ቆሮ. 2)። ሽማግሌዎች እገዳ በወሰኑበት ስብሰባ፣ ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም፣ በየሳምንቱ ቤቷ የሚሄዱ ሁለት ሰዎችም በስም ይመደቡ። የሚሄድ ካልተገኘ ውሳኔው ይደር።

“መሸኛ ጽፈንለታል፤ የኛ ድርሻ አልቋል”

አባሉ ወደ ሌላ ጉባኤ ሲሄድ የሚጻፍለት ያ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ሻንጣ ውስጥ ነው የሚቀረው። ከአርባ ምንጭ ተመርቆ ለሥራ አዲስ አበባ የገባ ልጅ ማንንም በማያውቅበት ጉባኤ ሁለት ሦስት እሁድ ይቀመጥና ይተወዋል። የላኪው ጉባኤ መጋቢ ለተቀባዩ ስልክ ደውሎ “እሁድ ይመጣል፣ ጠብቁት” ቢል ከደብዳቤው ይበልጣል።

ወደ ሪያድ ለቤት ሠራተኝነት የምትሄደው እህት ደግሞ መሸኛውን የምትሰጠው ጉባኤ በግልጽ አታገኝም፤ የዕረፍት ቀንም ላይኖራት ይችላል። ለእሷ ከመሄዷ በፊት አንዲት የምታምናት እህት ትመደብላት፤ በየሳምንቱ በድምፅ መልእክት ምዕራፍ የምታነብላትና የምትጸልይላት። ሰዓቱ ከኛ ጋር አንድ ስለሆነ ማስላት አያስፈልግም። ሥራዋ ግን እኩለ ሌሊትን ሊያልፍ ስለሚችል፣ የምትመደበው እህት ማምሸት የምትችል ትሁን።