«መርመር»፦ ከነጎድጓድ ወደ ለሆሳስ የወረደ የእንግሊዝኛ ቃል

«መርመር» በእንግሊዝኛ ዝቅ ብሎ ያለማቋረጥ የሚሰማ ድምፅ ስም ነው። ጅረት በጠጠር ላይ ሲወርድ፣ ንቦች ቀፎ ዙሪያ ሲያንዣብቡ፣ ከጎረቤት ክፍል ወሬ ሲሰማና ቃሉ ሳይለይ ሲቀር፣ ሁሉም «መርመር» ነው። ከእኛው «መረመረ» ጋር ግን አይዛመድም።

እንግሊዝኛ ቃሉን በ14ኛው ክፍለ ዘመን የወሰደው ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ፈረንሳይኛም ከላቲኑ «ሙርሙር» አግኝቶታል። በግሪክ «ሞርሙሮ» የሚያረፋ ውሃ የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ በሳንስክሪት «መርመረ» የቅጠል ኮሽታ ነው። ሁሉም ድምፅን በመቅዳት የተፈጠሩ ናቸው፦ ከንፈር ይገጥማል፣ ምላስ ይርገበገባል፣ ያው ይደገማል። የዛሬው እንግሊዛዊ «ር»ን ስለማያርገበግብ ከቅጂው ግማሹ አፉ ላይ ጠፍቶበታል ማለት ይቻላል።

ቃሉ ሲወለድ ለስላሳ አልነበረም። የላቲኑ «ሙርሙር» የነጎድጓድና የባሕር ጩኸትንም ይጨምር ነበር፤ ሮማዊው ገጣሚ ቨርጂል ማዕበል ሊመጣ ሲል ሰማዩ የሚያሰማውን ድምፅ የገለጸው በዚሁ ቃል ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባም መጀመሪያ የያዘው ትርጉም የውሃ ሹክሹክታ ሳይሆን ማጉረምረም ነበር። በ1400 እ.ኤ.አ. ያረፈው እንግሊዛዊው ገጣሚ ቾሰር በአንድ ቄስ አፍ ባስነገረው ስብከት ማጉረምረምን ከምቀኝነት ልጆች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። አሽከሮች ጌታቸው በሕግ ሲያዛቸው በጥርሳቸው መሃል የሚያነበንቡትንም ሰዎች «የዲያብሎስ አባታችን ሆይ» ይሉታል ይላል። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስም እስራኤላውያን በምድረ በዳ በሙሴና በአሮን ላይ ያሰሙትን ቅሬታ የጻፈው በዚሁ ግስ ነው። ዛሬም አንድ ሰው «ያለ መርመር» ታዘዘ ከተባለ፣ ቃል ሳይተነፍስ ታዘዘ ማለት ነው።

በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዚያው ስፍራ የምናገኘው «አንጐራጐሩ» የሚለውን ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ ተገናኝተዋል። ማንጎራጎር ቅሬታ ነው፤ ለራስ ዝቅ አድርጎ ማዜምም ነው፤ እንጉርጉሮም ከዚያው ይወጣል። «አጉረመረመ» ደግሞ ለሰውም ለሰማይም ይሆናል፤ እንደ ላቲኑ «ረምረም» እያለ ራሱን ይደግማል። ስለዚህ ተርጓሚ «መርመር»ን ባገኘ ቁጥር «ሹክሹክታ» ብሎ ቢያልፍ የቃሉን ግማሽ ታሪክ ይጥላል። ሹክሹክታ ምስጢር ነው፤ ጅረት ምስጢር የለውም።

ቃሉ ዛሬ ብዙ ሰው የሚያስደነግጠው ግን ሐኪም ቤት ውስጥ ነው። በ1816 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኔክ በአንዲት ወጣት ታማሚ ደረት ላይ ጆሮውን መለጠፍ ስላሳፈረው ወረቀት ጠቅልሎ አዳመጠ፤ የማዳመጫው ታሪክ ከዚያ ይጀምራል። ጤነኛ ልብ «ለብ ደብ» የሚለው ቫልቮቹ፣ ማለትም ደም የሚያሳልፉት በሮቹ፣ ሲዘጉ ነው። ደም በጠበበ ወይም በሚያፈስ ቫልቭ ሲያልፍ ይናወጥና በሁለቱ ምት መካከል ተጨማሪ ድምፅ ያሰማል፤ ላኔክ ይህን በወናፍ ድምፅ መስሎታል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሐኪሞች «መርመር» አሉት። በ1933 የቦስተኑ ሐኪም ሳሙኤል ሌቫይን ጥንካሬውን በ6 ደረጃ ከፈለው። ዛሬ በሚሠራበት መሠረት 1ኛው አተኩሮ ላዳመጠ ብቻ የሚሰማ ነው፤ ከ4ኛው ጀምሮ ንዝረቱ በእጅ ይዳሰሳል፤ 6ኛው ማዳመጫው ከደረት ትንሽ ተነስቶም ይሰማል። በልጆች ላይ የሚሰማው አብዛኛው ጉዳት የሌለው ነው። በአገራችን ግን በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚያስከትለው የሩማቲክ የልብ በሽታ ዛሬም ልጆችን ስለሚያጠቃ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ከተሰማ በልብ አልትራሳውንድ ማረጋገጥ ይገባል።

የድምፅ አወጣጥ አጥኚዎችም ቃሉን ተውሰውታል፤ በሂንዲ «ብህ» እና «ድህ» ሲባል ከድምፁ ጋር እስትንፋስ አብሮ የሚወጣበትን አነጋገር በዚሁ ስም ይጠሩታል።

ከሁሉ የሚያምረው አጠራር የወፎቹ ነው። ስታርሊንግ የተባሉት ወፎች በአውሮፓ የብርድ ወራት ምሽት በሺዎች ተሰብስበው ሰማይ ላይ እንደ ጭስ ሲጠማዘዙ፣ እንግሊዞች መንጋውን «መርመሬሽን» ይሉታል። ስያሜው በ1486 በታተመ የአደን መጽሐፍ ውስጥ ሰፍሮ ይገኛል። ከሩቅ የሚያይ ሰው ጭፈራውን ብቻ ነው የሚያየው፤ መንጋው በራስ ላይ ሲያልፍ ግን ክንፎቹ አንድ ላይ ሹው ይላሉ።